«ሃምሳ ካመጣሁ አልፋለሁ»፦ የቴክኒክና ሙያ ሰልጣኞች ስለ ደንቡ የሚሳሳቷቸው ነገሮች

በየዓመቱ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የሚገቡ ልጆች ከትምህርት ማስረጃቸው ጋር የሃይስኩል ልማዳቸውንም ይዘው ይመጣሉ። ለዓመታት የለመዱት ማርክ፣ ደረጃ መውጣትና ሽምደዳ ነው። የኮሌጁን ደንብም በዚያው ዓይን ያነቡታል። አሰልጣኝ ስለሆንኩ ይህን ከቅርብ አየዋለሁ። ጎበዝ ልጅ ደንቡን ባለመረዳት ብቻ ወደኋላ ሲቀር ማየት ያንገበግባል።

መነሻውን ላስቀድም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ሥልጠናውን ውጤት ተኮር አደረገው። ከዚያ ወዲህ ዋናው ጥያቄ ሰልጣኙ ምን መሥራት ይችላል የሚለው ነው። ለእያንዳንዱ ሙያ የሙያ ደረጃ የሚባል ሰነድ አለ። በዚያ ሙያ የተሰማራ ሰው ምን ምን መሥራት እንዳለበት፣ በምን ጥራት እንደሚሠራና ምን ማወቅ እንዳለበት ይዘረዝራል። ሰነዱ ሲዘጋጅ በሥራው ላይ ያሉ ባለሙያዎች ይሳተፋሉ። ሞጁሉም፣ የወርክሾፕ ልምምዱም፣ ምዘናውም የሚቀዳው ከዚያ ነው። ይህን የያዘ ሰው የሚከተሉትን ስህተቶች በቀላሉ ያያቸዋል።

«ሃምሳ ካመጣሁ አልፋለሁ»

በሃይስኩል ፈተና የሳታችሁትን ጥያቄ የመለሳችሁት ያካክሰዋል። በሙያ ምዘና እንዲህ ያለ ማካካስ የለም።

አንድ የኤሌክትሪክ ኢንስታሌሽን ሰልጣኝ እንውሰድ። ቦርድ ላይ አንድ አምፖል፣ አንድ ማብሪያ ማጥፊያና አንድ ሶኬት እንዲዘረጋ ተሰጠው። ሽቦው ቀጥ ብሎ ተዘርግቷል። ሥራው በሰዓቱ አልቋል። አምፖሉ ይበራል፣ ይጠፋል። ለዓይን ምንም እንከን የለውም። አሰልጣኙ ማብሪያውን አጥፍቶ ቴስተሩን አምፖሉ መያዣ ውስጥ ሲያስገባ ግን የቴስተሩ መብራት በራ። ልጁ በማብሪያው በኩል ያሳለፈው ፌዙን (ኤሌክትሪክ ይዞ የሚመጣውን ሽቦ) መሆን ሲገባው ኒውትራሉን (የመመለሻውን ሽቦ) ነው። አምፖሉ ቢጠፋም መያዣው ውስጥ ኤሌክትሪክ አለ። ነገ አንዲት እናት ማብሪያውን አጥፍታ፣ ወንበር ላይ ወጥታ አምፖል ልትቀይር ትችላለች።

ለዚህ ሥራ ስንት ይሰጠዋል? ዘጠና? አንድ ስህተት ብቻ ስላለበት? የሙያ ደረጃው እንዲህ አያስላም። ዋና ዋና መስፈርቶች እያንዳንዳቸው መሟላት አለባቸው። ውጤቱም «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ነው። ኮሌጁ ለራሱ መዝገብ ቁጥር ወይም ፊደል ሊሰጥ ይችላል፤ ያ ግን ያልተሟላውን መስፈርት አይሸፍነውም። ሁለተኛው ውጤት የወጣበት ሰልጣኝም የጎደለውን አሟልቶ እንደገና ይመዘናል። ሃፍረት የለበትም። ሃፍረቱ ፌዙን ሳይለይ ሰው ቤት መግባት ነው።

«ቴክኒክ የወደቀ የሚገባበት ስለሆነ ደንቡ ልል ነው»

ይህ አባባል ከደንብ ጉዳይ በላይ የቆየ በሽታ ነው። በአገራችን የእጅ ሙያን መናቅ ሥር የሰደደ ነበርና አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሙያተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም ንቀቱ አልለቀቀንም። ሰልጣኙ ራሱ ይህን አምኖ ከመጣ ደንቡን ከምር አይወስደውም። የመኪና ፍሬን የሚጠግን፣ የሕንፃ ብረት የሚያስር፣ የቤት መብራት የሚዘረጋ ሰው መለኪያው ልል ይሁን ካልን የሚጎዳው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

«ሌቭል ፎር ማለት አራተኛ ዓመት ማለት ነው»

አይደለም። ኮሌጆቻችን ለዓመታት ሲሠሩበት የኖሩት ከ1 እስከ 5 ያለው የብቃት ደረጃ (ሌቭል) የሚለካው ኃላፊነትን ነው። በታችኞቹ ደረጃዎች ያለ ሰው የተወሰነ ሥራ በሌላ ሰው ክትትል ይሠራል። ከፍ ሲል ሥራውን ራሱ ያቅዳል፣ ችግር ይፈታል፣ ሌሎችን ይቆጣጠራል። በየትኛው ደረጃ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ከሙያ ሙያ ይለያያል። ስለዚህ «ስንተኛ ዓመት ነህ?» ለሚል ዘመድ መልስ ስትሰጡ ሁለቱን አታምታቱ። ለቀጣሪ ስትናገሩማ ጭራሽ።

«የሴፍቲ ደንብ የዲሲፕሊን ጉዳይ እንጂ ውጤት ላይ አይገባም»

ብዙ ክርክር የሚነሳው እዚህ ነው። ቱታ ያልለበሰ ልጅ ከወርክሾፕ ሲመለስ «ቲቸር ጠምዶኛል» ይላል። እውነቱን ለመናገር፣ ደኅንነት የሙያ ደረጃው አካል ነው። ለብቻው ተለይቶ የተቀመጠ የጠባይ ደንብ አይደለም።

ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጸው ቶርኖ ማሽን ጋር እንቁም። አብዛኛው አዲስ ሰልጣኝ ጥንቃቄ ሲባል ጓንት ማድረግ ይመስለዋል። ማሽኑ እየዞረ ጓንት ማድረግ ግን ክልክል ነው። የሚሽከረከረው ብረት የጓንቱን ጫፍ ከያዘ እጅን ጨምሮ ይጎትታል። ቀለበት፣ የእጅ ሰዓት፣ የተንጠለጠለ የሹራብ ክር፣ ያልታሰረ ረጅም ፀጉር፣ አንገት ላይ የተጣለ ሻርፕ፣ ሁሉም እንደዚያው ናቸው። ብየዳ ክፍል ስትገቡ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ የቆዳ ጓንት ሳያደርጉ መበየድ አይፈቀድም። ደንቡ በየማሽኑ የሚለያየው ለዚህ ነው። ስለዚህም አንዴ ሸምድዶ መገላገል አይቻልም።

ሌላም አለ። ቸኩን (ብረቱን ጨብጦ የሚይዘውን የማሽኑን ክፍል) የምናጠብቅበት ቁልፍ ከቸኩ ላይ ሳይነሳ ማሽኑ ቢነሳ ቁልፉ ተስፈንጥሮ ይወጣል። ወዴት እንደሚሄድ ማንም አያውቅም። ስለዚህ በየወርክሾፑ የሚነገረው ልማድ አንድ ነው፤ ቁልፉ ቸኩ ላይ ካለ እጃችሁም ቁልፉ ላይ ይሁን። ቁልፉን ረስቶ ማሽኑን ሊያስነሳ የሄደ ሰልጣኝ ምዘናው እዚያው ቢቆምበት ተበደልኩ ሊል አይችልም። የቀረጸው ብረት የቱንም ያህል ልኩን ቢጠብቅ ዋጋ የለውም።

ወርክሾፕ መጥረግና መሣሪያ ወደ ቦታው መመለስም እንደ ቅጣት ይታያል። ኮሌጆች ካይዘን ከሚባለው የጃፓኖች የሥራ ማሻሻያ ዘዴ የወሰዱት አሠራር ነው፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት እያለ ይሄዳል። ወለል ላይ የፈሰሰ ዘይት ሰው ይጥላል። ካሊፐር የሚባለው መለኪያ ከመዶሻ ጋር ከተቀመጠ ከዚያ በኋላ የሚለካው ልክ አይታመንም።

«መኮረጅ ያለው ወረቀት ላይ ነው»

የወርክሾፕ ሥራ የሚኮረጅ አይመስልም። ይኮረጃል እንጂ። ጓደኛ የበየደውን ብረት የራስ አድርጎ ማቅረብ፣ ያለፈው ዓመት ሰልጣኝ የሠራውን ፕሮጀክት ቀለም ቀብቶ ማስረከብ፣ ሌላ ሰው የሰፋውን ልብስ ማምጣት፣ ሁሉም ያው ነው። ደንቡም ከፈተና ኩረጃ አሳንሶ አያያቸውም።

ደግሞ ይታወቃል። የብየዳ መስመር የሠሪውን እጅ ይናገራል። አንዱ ኤሌክትሮዱን በፍጥነት ስለሚነዳ መስመሩ ቀጭንና ረጃጅም ሞገድ ያለው ይሆናል። ሌላው ስለሚዘገይ ያብጣል። ሳምንታት አብሮ የሠራ አሰልጣኝ የማን እጅ እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አይቸገርም። ከጠረጠረ ደግሞ ማጣሪያው ቀላል ነው፤ «እስቲ አሁን፣ እዚህ፣ ፊቴ ሥራው» ይላል።

መረዳዳት ግን አልተከለከለም። ጓደኛ አጠገባችሁ ቆሞ «እጅህን ትንሽ ዝቅ አድርገው» ቢላችሁ ሥልጠና ነው። መበየጃውን ተቀብሎ ከሠራላችሁ ግን የሠለጠነው እሱ ነው። በቡድን ሥራ ላይም ማን ምኑን እንደሠራ ቀድሞ መጻፍ ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል።

«ቲዎሪው ከገባኝ መቅረት እችላለሁ»

ያለፈውን ማስታወሻ ከጓደኛ ኮፒ ማድረግ ይቻላል። ያለፈን የወርክሾፕ ሰዓት ግን ኮፒ ማድረግ አይቻልም። በሥርዓታችን ሥልጠናው 70 በመቶ ተግባር፣ 30 በመቶ ንድፈ ሐሳብ እንዲሆን ነው የሚታቀደው። ስለዚህ ኮሌጆች ለመቅረት ወሰን ያበጃሉ። ወሰኑን በወሬ አትስሙ፤ ከራሳችሁ ኮሌጅ የሰልጣኞች መመሪያ ላይ አንብቡት። ስትታመሙም የሐኪም ወረቀቱን በጊዜው ለክፍል ኃላፊው ስጡ። ሴሚስተሩ ሲያልቅ የሚመጣ ወረቀት ብዙም አይረዳም።

«ድርጅት ስንወጣ እረፍት ነው»

የትብብር ሥልጠና፣ ማለትም ኮሌጁና አንድ ድርጅት ተስማምተው ሰልጣኙ በሥራ ቦታ የሚሠለጥንበት ጊዜ፣ የሥልጠናው ግማሽ ልብ ነው። ድርጅቱ ውስጥ የሚከታተላችሁ ሰው ይመደባል። ከኮሌጁም አሰልጣኝ እየመጣ ያያል። የሁለቱም አስተያየት ውጤታችሁ ውስጥ ይገባል።

የየዕለቱ ሥራ በሚመዘገብበት ደብተር፣ በሎግ ቡኩ ላይ ያለው ችግር ግን ያሳስበኛል። ብዙ ልጆች የወሩን ሁሉ በመጨረሻው ቀን ቁጭ ብለው ይሞሉታል። እንዲህ የተሞላ መዝገብ ከሩቅ ያስታውቃል፤ አንድ ዓይነት እስክሪብቶ፣ አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር፣ «ዛሬ ስለ ሞተር ተማርኩ» እያለ ይሄዳል። በየቀኑ የሚሞላ ልጅ የሚጽፈው ሌላ ነው፦ «የፊት ቀኝ ጎማ ፍሬን ሸራ ቀየርኩ። አሮጌው በአንድ በኩል ብቻ አልቆ ነበር። ምክንያቱ የፍሬን ካሊፐሩ ፒን መያዙ ነው ተባልኩ።» ሥራ ፍለጋ ስትወጡ ለቀጣሪ የምታሳዩት ማስረጃ ይኸው ነው።

ድርጅቱ ከሙያችሁ ጋር የማይገናኝ ሥራ ብቻ ካሠራችሁስ? ቡና ማመላለስና ዕቃ መሸከም ብቻ ከሆነ ዝም አትበሉ። ሎግ ቡኩ ላይ እንዳለ ጻፉትና ለኮሌጁ ተቆጣጣሪ ንገሩ። ምደባችሁን እንዲያስተካክል የመጠየቅ መብት አላችሁ።

«ኮሌጁን ከጨረስኩ ሲኦሲ ትርፍ ነው»

የኮሌጁ የውስጥ ምዘናና ሲኦሲ (ከኮሌጁ ውጭ የሚሰጠው የሙያ ብቃት ምዘና) ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኮሌጁ ያሠለጠነውን ራሱ ብቻ ብቁ ነው ቢል ሁሉም ለራሱ ልጅ ባደላ ነበር። ሲኦሲ የተለየው ለዚህ ነው። የሚመዝነው ሌላ አካል ነው፣ መዛኞቹም ከሥራው ዓለም ይመጣሉ። የጽሑፍ የዕውቀት ፈተናም፣ የተግባር ምዘናም አለው። አንዱን ብቻ ማለፍ አይበቃም። ወደሚቀጥለው ደረጃ ለመሄድም፣ ሥራ ለመቀጠርም የሚጠየቀው ይኸው ወረቀት ነው።

ደስ የሚለው ነገር፣ በሩ ለኮሌጅ ሰልጣኝ ብቻ የተከፈተ አይደለም። ጋራዥ ውስጥ ከልጅነቱ ጀምሮ የሠራ ሰው፣ ከአባቱ አናጺነት የተማረ ሰው ተመዝኖ ብቃቱን ማስመስከር ይችላል። የመደበኛ ሰልጣኝ ይህን ሲሰማ ቅር ሊለው አይገባም። መለኪያው ሁለቱንም በእኩል ያያል።

«አካል ጉዳተኛ ሰልጣኝ ቀለል ያለ ፈተና ይሰጠዋል»

የሚስተካከለው መንገዱ ነው። መስማት ለተሳነው ሰልጣኝ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ይኖራል፣ ለሌላው ተጨማሪ ሰዓት ወይም ከፍታው የሚስተካከል ጠረጴዛ ይዘጋጃል። መስፈርቱ ያው ነው። ይህን የምለው ማስተካከያውን እንደ ልመና ቆጥረው የማይጠይቁ ልጆች ስላሉ ነው። ገና ስትመዘገቡ ጠይቁ።

«ቅሬታ ካቀረብኩ ይጠምዱኛል»

ፍርሃቱን እረዳለሁ። መጥፎ አጋጣሚ ያየ ሰው አይጠፋም። ግን ቅሬታ ማቅረብ ራሱ ደንቡ የፈቀደው ነገር ነው። የሚያበላሸው አቀራረቡ ነው። ኮሪደር ላይ በቃል የተነገረ ስሞታ መዝገብ የለውም። «ውጤቴ አላስደሰተኝም» የሚል ማመልከቻም ለማንም ሰው አይረዳም። የሞጁሉን ስም፣ የተመዘናችሁበትን ቀን፣ የተከራከራችሁበትን መስፈርት ለይታችሁ ጻፉ፦ «ልኩ ከተፈቀደው ልዩነት ውጭ ነው ተብያለሁ፤ የሠራሁት ብረት በሌላ ካሊፐር እንዲለካልኝ እጠይቃለሁ።» እንዲህ ያለ ጥያቄ ለዲፓርትመንቱም ለመመለስ ይቀላል። ቀነ ገደቡ አጭር ስለሚሆን ውጤት በተለጠፈ ሰሞን ሂዱ። ማመልከቻውን ስታስገቡ ቅጂው ላይ ቀንና ፊርማ አስደርጋችሁ ያዙ።

ሥልጠና ለማቋረጥም እንደዚሁ ነው። ቤተሰብ ሲታመም ወይም ገንዘብ ሲያጥር ብዙ ልጅ ዝም ብሎ ይጠፋል። ሬጅስትራር ሄዶ የመልቀቂያ ፎርም የሞላ ሰልጣኝ ተመልሶ የሚገባበት መንገድ አለው። ያጠናቀቃቸው ሞጁሎችም መዝገቡ ላይ ይቆያሉ። ፎርሙን ለመሙላት ግማሽ ቀን ይበቃል፤ ራሱ መምጣት ያልቻለም ውክልና ሰጥቶ ሰው መላክ ይችል እንደሆነ ስልክ ደውሎ ይጠይቅ።