ስቱፓ ምንድን ነው? ገብተው የማይሳለሙት ቅዱስ ስፍራ

የኔፓል ዋና ከተማ ካትማንዱ ውስጥ ቦውዳ የሚባል ሰፈር አለ። ከዋናው መንገድ በጠባብ በር ስትገቡ አንድ ግዙፍ ነጭ ጉልላት ፊታችሁ ድቅን ይላል። ከጉልላቱ በላይ የተሳሉ ትልልቅ ዓይኖች ቁልቁል ያዩዋችኋል። ቦውዳናት ስቱፓ ይህ ነው። እንግዳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "መግቢያው በየት ነው?" ብሎ ነው። ትፈልጋላችሁ፣ ትዞራላችሁ፣ ዞራችሁ ዞራችሁ የተነሳችሁበት ቦታ ትመለሳላችሁ። ወደ ጉልላቱ ውስጥ የሚያስገባ በር የለም። ግን በር ፍለጋ ስትዞሩ ሳታውቁት ተሳልማችሁ ጨርሳችኋል። በትክክለኛው አቅጣጫ ዞራችሁ ከሆነ ማለቴ ነው።

ስቱፓ የሳንስክሪት ቃል ነው። ክምር ወይም ጉብታ እንደማለት ነው። ነገሩም ከስሙ ብዙ አይርቅም። ውስጡ አዳራሽ የለውም፤ በአፈር፣ በጡብ ወይም በድንጋይ የተሞላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መሃሉ ላይ የቡድሃ ወይም የአንድ ቅዱስ ሰው አጽም፣ አለዚያም የተቀደሰ ጽሑፍ ተቀብሯል ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ ቤተ መቅደስ ከምንለው ይልቅ መካነ መቃብር ብንለው ይቀርባል።

አጀማመሩም ከቀብር ጋር የተያያዘ ነው። ቡድሃ ሰሜን ሕንድ ውስጥ ኩሺናጋር በተባለ ቦታ አረፈ፤ አስከሬኑም ተቃጠለ። በቡድሂስቶች መጻሕፍት እንደተጻፈው፣ ከዚያ በኋላ አጽሙ ይገባናል የሚሉ ወገኖች ጦር ሊማዘዙ ደረሱ። ድሮና የተባለ ብራህሚን (ከሂንዱ ካህናት ወገን የሆነ ሰው) ገላጋይ ገባና ለ8 አካፈላቸው። ለራሱ ያስቀረው አጽሙን የሰፈረበትን ማሰሮ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ባለድርሻ በየአገሩ ጉብታ ሠራበት፤ ድሮናም ለማሰሮው ሠራ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዘመን የሕንዱ ንጉሥ አሾካ አጽሙን አስወጥቶ በመላ ግዛቱ ለ84,000 ስቱፓዎች አከፋፈለ ይባላል። ቁጥሩን እንደ ትውፊት ውሰዱት። ሰውየው ብዙ ስቱፓ ማሠራቱ ግን እውነት ነው፤ ሕንድ ውስጥ ሳንቺ ላይ ያለው የታላቁ ስቱፓ የጡብ እምብርት የእሱ ዘመን ሥራ ነው።

ሳንቺን ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። የድንጋይ በሮቹ ከላይ እስከ ታች በቅርጽ ተሞልተዋል፤ አንዱ ላይ የዝሆን ጥርስ ጠራቢዎች እንደሠሩት ተጽፏል። የቡድሃን ሕይወት የሚተርኩት ቅርጾች ላይ ግን ቡድሃ ራሱ በሰው መልክ የለም። ባዶ ዙፋን፣ የእግር ኮቴ፣ ዛፍ ወይም መንኮራኩር ታያላችሁ፤ እሱ መሆኑን የምታውቁት በዚያ ነው።

ወደ ቦውዳ ልመልሳችሁ። ስቱፓው ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ5ኛውና በ6ኛው መቶ ዘመን አካባቢ፣ ያኔ አገሩን ይገዙ በነበሩት በሊቻቪ ነገሥታት ዘመን እንደተሠራ ይነገራል። የአገሩ ሰው የሚያወራው ግን ሌላ ነው። አንዲት ዶሮ አርቢ ደሃ ሴት ነበረች አሉ። ንጉሡ ፊት ቀርባ ስቱፓ የምሠራበት መሬት ይሰጠኝ አለች። ምን ያህል? አንድ የጎሽ ቆዳ የሚሸፍነውን ያህል። ንጉሡ ፈቀደ። ሴትዮዋ ሄዳ ቆዳውን በቀጭኑ ጠፍር አድርጋ ቆረጠችው፤ ጠፍሩን ቀጣጥላ ይህን ሁሉ መሬት ከበበችበት። መኳንንቱ ተቆጡ። ዶሮ አርቢ ይህን ከሠራች እኛ ምን ልንሠራ ነው? ብለው ንጉሡ እንዲከለክላት ለመኑት። እሱ ግን አንዴ ፈቅጃለሁ አለ። ስቱፓው በቲቤትኛ የሚጠራበት ስም ይህንኑ የሚያስታውስ ነው። በእኛ ቋንቋ "ከአፍ የወጣ አፋፍ" የሚለው አይደል!

ቁመቱ 36 ሜትር ገደማ ነው። ከታች እርከኖቹ፣ ከዚያ ጉልላቱ፣ ከጉልላቱ በላይ በአራቱም ጎኑ ዓይን የተሳለበት አራት ማዕዘን አለ። በዓይኖቹ መሃል አፍንጫ የሚመስለው ጥምዝ የኔፓልኛ ቁጥር 1 ነው። ከዚያ በላይ ያሉት 13 ደረጃዎች ቡድሂስቶች ብርሃን ወደሚሉት ፍጹም ንቃት የሚያደርሰው መንገድ ምሳሌ ናቸው።

ዋናው ነገር ግን መዞሩ ነው። ቲቤቶች ኮራ ይሉታል። ለአማርኛ ጆሮ ያስቃል፤ እዚያ ኮራ የሚሉት መሬት ላይ በግንባራቸው የሚደፉ ሰዎች ናቸውና። ስቱፓው ሁልጊዜ በቀኝ እጅ በኩል መሆን አለበት፤ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ማለት ነው። በተቃራኒው ከሄዳችሁ የሚቆጣችሁ አይኖርም፤ ብቻ ያ ሁሉ ሰው ፊት ለፊት ይመጣባችኋል። ከ1959 እ.ኤ.አ. በኋላ ብዙ የቲቤት ስደተኞች እዚህ አካባቢ ስለሰፈሩ ጠዋትና ማታ ዙሪያው ይጨናነቃል። አሮጊቶች በግራ እጃቸው መቁጠሪያ ይዘው፣ በቀኛቸው ግድግዳው ውስጥ የተደረደሩትን የጸሎት መዘውሮች እያሽከረከሩ ያልፋሉ። መቁጠሪያው 108 ፍሬ ነው። መዘውሩ ውስጥ ጸሎት የተጻፈበት ወረቀት ተጠቅልሏል፤ አንዴ መዞሩ አንዴ እንደመድገም ይቆጠራል። ጥግ ላይ ደግሞ እንደ ሰው ቁመት የሆኑ ጣውላዎች ተነጥፈዋል። ሰጋጁ መዳፉን አንዳች ነገር ይሸፍንበትና ጣውላው ላይ ተንሸራቶ ሙሉ በሙሉ ይዘረጋል፣ ይነሳል፣ ደግሞ ይዘረጋል። ጣውላው ከዚህ ብዛት መስታወት መስሏል። ሲመሽ የቅቤ ኩራዞች ይበራሉ። ከቻላችሁ በዚያ ሰዓት ሂዱ፤ ቀን ላይ ፎቶ አንሺ ይበዛል።

ሚያዝያ 17 ቀን 2007 ዓ.ም. ኔፓልን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ጉልላቱን አልጣለውም፤ አናቱን ግን ሰነጠቀው። ከጉልላቱ በላይ ያለው ክፍል ወርዶ እንደ አዲስ ተሠራ። ገንዘቡ በአብዛኛው ከምእመናን የተዋጣ ነበር፤ ለአናቱ ከ30 ኪሎ በላይ ወርቅ ገብቶበታል። ኅዳር 2009 ዓ.ም. ተመርቆ ተከፈተ።

ስትጠጉ ነጩ ጉልላት ላይ እንደ አበባ ቅጠል የተደረደሩ ቢጫ ቅስቶች ታያላችሁ። ዝገት ወይም የዝናብ ፍሳሽ ይመስላሉ። አይደሉም። ሠራተኛው ጉልላቱን ኖራ ከቀባው በኋላ ቢጫ ውሃ በባልዲ ይዞ ላዩ ላይ ይቆምና ክንዱን ወርውሮ ይረጨዋል። ሲደርቅ የሎተስ አበባ ቅጠል ይሆናል። ዝናብ ሲያደበዝዘው ደግሞ ሠራተኛው ባልዲውን ይዞ እንደገና ይወጣል።