ማን ይቅደም? ሕይወት ለማዳን በሚደረግ ምርጫ ላይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

አንድ የመተንፈሻ መሣሪያ አለ፤ የሚፈልጉት ሁለት ናቸው። ማን ይቅደም ሲባል ቶሎ አፋችን ላይ የሚመጡት መልሶች አብዛኞቹ ያሳስታሉ።

«ለማኅበረሰቡ የበለጠ የሚጠቅመው ይዳን።» ይህ ተሞክሯል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካዋ ሲያትል የኩላሊት እጥበት ማሽኖች ከበሽተኞቹ ቁጥር በጣም ያንሱ ነበር። ሐኪሞች በሕክምና ብቁ የሆኑትን ከለዩ በኋላ፣ የመጨረሻውን ምርጫ የሚያደርጉት 7 ስማቸው ያልተገለጸ ሰዎች ነበሩ። ገቢን፣ ትዳርን፣ ትምህርትን፣ ቤተ ክርስቲያን መሳምን ሳይቀር ያዩ ነበር። እኔን የሚያመኝ እዚህ ጋ ነው፦ ብቸኛ፣ ሥራ ፈላጊ፣ ወይም ኑሮው ለየት ያለ ሰው ገና ሳይጀመር ተሸንፏል። ዳኞቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ ሰው ግን ሲመዝን ራሱን የሚመስለው ይከብድለታል። መፍትሔው የመጣው በ1972 መንግሥት የእጥበቱን ወጪ እንዲሸፍን የሚያደርግ ሕግ ሲወጣ ነው።

«ቀድሞ የመጣ ይቅደም።» ቀድሞ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ መኪና ያለውና ቤቱ ቅርብ የሆነው ነው። ለዚህ ነው ድንገተኛ ክፍል ውስጥ መጀመሪያ የጉዳት መጠን የሚለየው።

«ታዲያ ሁልጊዜ በጣም የተጎዳው ይቅደም።» በአዘቦት ቀን፣ አዎ። ብዙ ሰው በአንዴ ሲጎዳ ግን ቀይ ምልክት ተደርጎለት የሚቀድመው አሁን ከታከመ የሚተርፈው ነው። ባለው አቅም ሊተርፍ የማይችለው ጥቁር ምልክት ይደረግለታል። ይህ ግን መተው አይደለም! ሕመሙ ይታገስለታል፣ አጠገቡ ሰው ይሆናል፣ የሕክምና አቅም ሲጨምርም እንደገና ይታያል።

«ሴቶችና ሕፃናት ይቅደሙ የባሕር ሕግ ነው።» አይደለም፣ ልማድ ነው። በ1912 ታይታኒክ ላይ ተሠርቶበታል። በ2012 የወጣ የ18 የመርከብ አደጋዎች ጥናት ግን በአብዛኞቹ ከሴቶች ይልቅ ወንዶች፣ በጥቅሉም ከመንገደኞች ይልቅ የመርከብ ሠራተኞች የበለጠ እንደተረፉ አሳይቷል።

«ዕጣ ማውጣት ከኃላፊነት መሸሽ ነው።» ዕጣ የሚወጣው ሐኪሞች መርምረው ሁለቱ በመዳን ዕድላቸው እኩል ሲሆኑ ነው። ዕጣ ዘመድ አያውቅም። ማን እንደሚቀድም የሚወስነው ደንብም በሽተኞቹ ከመምጣታቸው በፊት መጻፍ አለበት። ውሳኔውን ደግሞ አልጋው አጠገብ የሚያክመው ሐኪም ባይሰጠው ይሻላል፤ እሱ ለሁለቱም እስከ መጨረሻው ይታገልላቸው።