የሊቲየም የረጅም ጊዜ ሕክምና፤ ከሐረርና ከድሬዳዋ ኑሮ አንጻር

ሊቲየም በገበታ ጨው ውስጥ ካለው ሶዲየም ጋር የሚዛመድ ማዕድን ሲሆን ለሕክምና የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ሊቲየም ካርቦኔት በተባለ ክኒን መልክ ነው። ዋና ጥቅሙ ማኒያ (ከልክ ያለፈ የስሜትና የጉልበት መጋል) እና ድባቴ በሚፈራረቁበት የባይፖላር ሕመም የተያዘ ሰው ከተሻለው በኋላ ሕመሙ እንዳያገረሽበት መከላከል ነው።

አውስትራሊያዊው ሐኪም ጆን ኬድ እ.ኤ.አ. በ1949 ማኒያ ለነበረባቸው 10 ሕሙማን ሊቲየም ሰጥቶ ያየውን መሻሻል ጻፈ። በዚያው ዓመት ግን በአሜሪካ ሊቲየም ክሎራይድ በጨው ምትክ ተሽጦ ሰዎች በመሞታቸው የመድኃኒቱ ስም ለረጅም ጊዜ ጎድፎ ቆየ። ስሙን ያደሱት ዴንማርኮቹ ሞገንስ ሹ እና ፖል ባስትሩፕ ሲሆኑ፣ ሕመሙ እንዳያገረሽ ይከላከላል የሚለውን የ1967 ጥናታቸውን የለንደን ተቺዎች በ1968 «ተረት ይሆን?» እስከ ማለት ደርሰው አጣጣሉት። መልሱ በ1970 መጣ፤ ሊቲየም ይወስዱ ከነበሩ 84 ሕሙማን መካከል መድኃኒት ወደሌለበት ባዶ ክኒን ከተዛወሩት 39ኙ ውስጥ 21ዱ በአምስት ወር ውስጥ ሲያገረሽባቸው፣ ሊቲየሙን ከቀጠሉት 45ቱ ግን አንድም አልታመመም። ራስን የማጥፋት አደጋን እንደሚቀንስ ብዙ ሐኪሞች ያምናሉ፤ በ2021 በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ላይ የወጣ ጥናት ግን ይህን አላረጋገጠም።

ጠቃሚው መጠን ከጎጂው እጅግ ስለሚቀራረብ ክትትሉ የሕክምናው ግማሽ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የመጨረሻው ክኒን ከተወሰደ ከ12 ሰዓት በኋላ በተቀዳ ደም ውስጥ ሕመሙ እንዳያገረሽ ለመከላከል የሚፈለገው የሊቲየም መጠን በአብዛኛው በሊትር ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊሞል (በደም ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር መለኪያ) ሲሆን፣ ከ1.5 ሲያልፍ የመመረዝ አደጋ ይጨምራል። ኩላሊትና ታይሮይድ የተባለው የአንገት ዕጢም በየጊዜው ይመረመራሉ። ብርቱ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥና ሲራመዱ መንገዳገድ ወዲያውኑ ሐኪም ዘንድ የሚያስኬዱ ምልክቶች ናቸው።

ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው ሞቃታማዋ ድሬዳዋ ላብ ውኃንና ጨውን ከሰውነት ያወጣል፤ በዚህን ጊዜ ኩላሊት ሶዲየም ለመቆጠብ ሲል ሊቲየሙንም አብሮ ያስቀራል። ስለዚህ ውኃ ማብዛትና የጨውን መጠን በድንገት አለመለወጥ ይመከራል። ለደም ግፊት ጨው እንዲቀንስ የተነገረው፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ወይም ኢናላፕሪል የታዘዘለት፣ አለዚያም ለወገብ ሕመም ከመድኃኒት መደብር ዳይክሎፌናክ የገዛ ሰው ሊቲየም እንደሚወስድ ካልተናገረ ሳያውቀው መጠኑን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። በሁለቱም ከተሞች ልማድ የሆነው በርጫም ቸል የሚባል አይደለም፤ ጫት እንቅልፍ ይነሳል፣ እንቅልፍ ማጣት ደግሞ ማኒያን ይቀሰቅሳል።

ስለ ረመዳን ጾም ያሉት ጥናቶች ጥቂት ከመሆናቸውም በላይ አይስማሙም። እ.ኤ.አ. በ2000 በሞሮኮ ሊቲየም ከሚወስዱ 20 ሕሙማን 45 በመቶው በጾሙ ወቅት እንዳገረሸባቸው ሲዘገብ፣ በ2010 በፓኪስታን 62 ሕሙማን ላይ የተደረገው ግን የጎላ ለውጥ አላገኘም። ለመጾም የሚያስብ ሰው ወሩ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን አማክሮ ደሙን ማስመርመርና ክኒኑ ለኢፍጣርና ለሱሁር እንዴት እንደሚከፈል መጠየቅ አለበት። በዚህ ረገድ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ የሆነው የሐረሩ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ለምሥራቁ ሕዝብ ባለውለታ ነው፤ በድሬዳዋም ድል ጮራ ሆስፒታል አለ።

ደህና ነኝ ብሎ ክኒኑን በገዛ ፈቃድ በአንዴ ማቆም ሕመሙን፣ በተለይም ማኒያውን፣ በፍጥነት ሊመልሰው ስለሚችል፣ ማቆም ቢያስፈልግም በሐኪም ክትትል በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ይቀነሳል።