«ፊቴ ደብዝዟል» ማለት «ማንም አያውቀኝም» ማለት አይደለም

ስለ ጎግል ስትሪት ቪው፣ ማለትም ጎግል በካሜራ መኪና መንገድና ሰፈር እያነሳ ካርታው ላይ ስለሚያሳይበት አገልግሎት፣ በተነሳ ቁጥር የምንሰማው መልስ አንድ ነው፦ «ምን ያሳስባል፣ ፊት ያደበዝዙ የለ?» አዎ፣ ያደበዝዛሉ። አገልግሎቱ በ2007 እ.ኤ.አ. ሲጀመር አልነበረም፤ በ2008 መጣ። ግን ሰው የሚለየው በፊቱ ብቻ ነው ያለው ማነው? የሚያውቅዎ ሰው በአቋምዎ፣ በልብስዎ፣ በቆሙበት ደጃፍ ይለይዎታል።

በካናዳ ኬቤክ አንዲት ሴት በ2009 ከቤቷ ደረጃ ላይ እንደተቀመጠች ካሜራው አነሳት። ፊቷ ደብዝዟል። ቤቷና የመኪናዋ ታርጋ ግን ይታያሉ፤ ልብሷም ደረቷን በከፊል አጋልጧል። የሥራ ባልደረቦቿ አውቀዋት መሳለቂያ አደረጓት። ፍርድ ቤቱ በ2014 የፊት መደብዘዝ ብቻ አይበቃም ብሎ 2,250 የካናዳ ዶላር እንዲከፈላት ወሰነ። የስዊዘርላንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2012 በሆስፒታል፣ በትምህርት ቤት፣ በማረሚያ ቤትና በሴቶች መጠለያ አካባቢ የቆዳ ቀለም፣ ልብስና የአካል ጉዳተኛ መደገፊያ ጭምር እንዳይለዩ አዟል። ዳኞች የገባቸው ነገር ለእኛም ሊገባን ይገባል።

ደግነቱ ፊትን ብቻ ሳይሆን መላ ሰውነትን ማስደብዘዝ ይቻላል፤ ይህን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ኮምፒውተር ላይ ጎግል ማፕስን ከፍተው ቢጫዋን የሰው ምልክት ጎትተው መንገዱ ላይ ያስቀምጡ። ፎቶው ሲመጣ ከግርጌ በስተቀኝ በትናንሽ ፊደል «ሪፖርት ኤ ፕሮብሌም» (ችግር አመልክት) የሚል አለ፤ ይጫኑት። ፎቶውን እያዞሩ ሰውነትዎን፣ ቤትዎን ወይም መኪናዎን ቀዩ ሳጥን ውስጥ ያስገቡ፣ ምን እንዲደበዝዝ እንደሚፈልጉ ይምረጡ፣ ማብራሪያም ይጻፉ። «ቤቴ» ብቻ ብሎ መጻፍ ዋጋ የለውም፤ «በስተግራ፣ አረንጓዴ በር ያለው ባለ ሁለት ፎቅ» ይበሉ፣ አለበለዚያ የጎረቤት ቤት ሊደበዝዝ ይችላል። ጥያቄው ተቀባይነት ሲያገኝ በቀስቱ ወደፊትም ወደኋላም እየሄዱ ያረጋግጡ፤ ካሜራው በየጥቂት ሜትሩ ያነሳልና ከዚህ የተሸፈነው ከዚያ ማዕዘን ሊታይ ይችላል። የቀድሞ ዓመታት ፎቶዎችንም ከላይ በስተግራ ካለው የቀን ምርጫ ይፈትሹ።

«ኋላ ሐሳቤን ብቀይር ያነሱልኛል» የሚሉም አሉ። አያነሱም፤ የደበዘዘ ለዘለቄታው ነው። ቤቱን ለመሸጥ ወይም ለማከራየት ካሰቡ አስቀድመው ያስቡበት።

«የቀጥታ ስርጭት ነው፣ አሁን እያዩኝ ነው።» አይደለም። የተነሳበት ወርና ዓመት ፎቶው ላይ ተጽፏል።

«ጎግል ላይ ካስደበዘዝኩ በሁሉም ቦታ ጠፋሁ።» ይህም ስህተት ነው። እንደ ስትሪት ቪው ሁሉ የመንገድ ፎቶ የሚያሳዩት የአፕል ሉክ አራውንድና ማፒላሪ የራሳቸው ፎቶ አላቸው፤ ለእያንዳንዱ ለየብቻ ማመልከት ያስፈልጋል። ማፒላሪ ላይ ፎቶውን የሚጭነው ማንኛውም ሰው ስለሆነ የኩባንያ መኪና ያልደረሰበት ሰፈርም እዚያ ሊገኝ ይችላል።

ፍራንክፈርትና በርሊን ያላችሁ ወገኖች ደግሞ ልብ በሉ። ጀርመን ውስጥ በ2010 ወደ 244,000 ቤተሰቦች ቤታቸው እንዲደበዝዝ አመልክተው ነበር። በ2023 ግን ጎግል አዲስ ፎቶ አንስቶ ሲመለስ የድሮው ማመልከቻ አብሮ አልተሻገረም። ያኔ ያመለከታችሁ አሁን ገብታችሁ ቤታችሁን እዩ፤ ከታየ እንደገና አመልክቱ።