ስኪዞፍሬኒያ ምንድን ነው?

ስኪዞፍሬኒያ ያለውን ከሌለው መለየት የሚያቅትበት፣ ሐሳብን፣ ስሜትንና ተነሳሽነትን የሚያዛባ ከባድ የአእምሮ ሕመም ነው። በዓለም ላይ ከ300 ሰው አንዱን ገደማ ይይዛል። ወንዶች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከአሥራዎቹ መጨረሻ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ይጀምራል፤ ሴቶች ላይ ጥቂት ዓመታት ይዘገያል።

ቡራዩ፣ ለገጣፎ ወይም ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ያለ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያየው ነገር ሰው «እብደት» የሚለውን አይደለም። ልጁ ትምህርቱን ይተዋል፣ ሌሊት ሲንጎራደድ አድሮ ቀን ይተኛል፣ ገላውን አይታጠብም፣ ጓደኞቹን ይሸሻል። «ሰነፈ»፣ «ሱስ ጀመረ» ሲባል ወራት ያልፋሉ። ከዚያ ማንም በሌለበት ድምፅ መስማት ይጀምራል፤ ይሰድበዋል፣ ያዘዋል፣ አንዳንዴም ሁለት ሰዎች ስለ እሱ ሲያወሩ ይሰማል። ጎረቤት እንደሚከታተለው ወይም ምግቡ ውስጥ መርዝ እንደተጨመረ ያምናል፤ ማስረጃ ቢደረደርለትም ንቅንቅ አይልም። ሲናገር ነገሩ አይያያዝም።

ድምፁና ጥርጣሬው በመድኃኒት ከጠፉ በኋላ የሚቀር ሌላ ገጽታ አለ፦ ፊት ላይ ስሜት አለመታየት፣ ንግግር ማነስ፣ ምንም ለመሥራት አለመነሳሳት። ቤተሰብ «ድኗል፣ ስንፍናው ግን አልለቀቀውም» የሚለው ይህንኑ ነው። ስንፍና አይደለም፤ የሕመሙ አካል ነው፤ መድኃኒትም ብዙ አይረዳውም። ከቁጣ ይልቅ በሰዓቱ መነሳትን፣ ትንሽ ሥራንና ከሰው ጋር መዋልን ቀስ በቀስ ማለማመድ ይሻላል።

በደም ምርመራም ሆነ በአንጎል ራጅ አይረጋገጥም። ሐኪሙ ምርመራ የሚያዘው የሚጥል በሽታን፣ ኢንፌክሽንን ወይም የእንቅርት ችግርን ለመለየት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመዘኛ ዋና ዋና ምልክቶቹ ቢያንስ አንድ ወር እንዲቆዩ ይጠይቃል። ስለዚህ ከብዙ ጫት በኋላ መጥቶ በጥቂት ቀን የሚበርድ ጥርጣሬ ስኪዞፍሬኒያ አይባልም፤ ሕመሙ ያለበት ሰው ጫት ሲቅም ግን ይብስበታል። አንድ ብቸኛ መንስኤ የለውም። ወላጅ ወይም ወንድም የታመመበት ሰው የመያዝ ዕድሉ ከመቶ 10 ገደማ ይደርሳል፤ በወጣትነት ካናቢስ ማጨስም ዕድሉን ይጨምራል። የእናት አስተዳደግ ግን አያመጣውም።

እዚህ በብዛት የሚታዘዙት ሃሎፔሪዶል፣ ክሎርፕሮማዚን፣ ሪስፔሪዶንና ኦላንዛፒን ናቸው። በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሥራ ይገታሉ። እንቅልፍና ረብሻ በቀናት ይስተካከላሉ፣ ድምፁ ግን ሳምንታት ይፈጃል፤ በበቂ መጠን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሳይወሰድ «አልሠራለትም» ማለት አይቻልም።

ሕክምናው ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። በተለይ ሃሎፔሪዶል የጀመረ ወጣት በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን አንገቱ ወደ ጎን ሊጠመዘዝ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ሊሰቀል፣ ምላሱ ሊተሳሰር ይችላል። ለሚያየው ያስደነግጣል፤ «ጋኔኑ እየታገለው ነው» ተብሎ መድኃኒቱ ይጣላል። ነገሩ ግን የጡንቻ መኮማተር ነው፤ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ከተወሰደ በመርፌ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቀቃል፤ ከዚያም ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሳል ወይም አርቴን የሚባለውን ክኒን ይጨምራል። መቀመጥ አቅቶት እግሩን የሚያፈራርቅ፣ የሚቁነጠነጥ ታካሚም ምክንያቱ መድኃኒቱ ሊሆን ይችላል። ሕመሙ ባሰበት ብሎ መጠን መጨመር ያባብሰዋል። ኦላንዛፒን ደግሞ ረሃብ ያመጣል፤ ምግብ በማይበቃበት ቤት ታካሚው መድኃኒቱን የሚተወው በዚህም ነው።

ሁለተኛው መሰናክል ደህና ሲሆኑ ማቆም ነው። ዛሬ ያቆመ ነገ አይታመምም፣ ሳምንታት ወይም ወራት ደህና ሊከርም ይችላል፤ «መድኃኒቱ አያስፈልገኝም ነበር» የሚያሰኘውም ይኸው ነው። ካቋረጡት ግን አብዛኞቹ በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ያገረሽባቸዋል። ዕለታዊ ክኒን ለሚረሳ፣ ለሚደብቅ ወይም የትራንስፖርት ወጪ ለሚከብደው በየሁለት እስከ አራት ሳምንት የሚወጋ ፍሉፌናዚን አለ፤ ሐኪሙን ጠይቁ።

ጠበል መጠመቅና መድኃኒት አይጣሉም። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ በእንጦጦ ለሚጠመቁ የኤችአይቪ ሕሙማን ሁለቱም አብረው እንደሚሄዱ ተናግረው ነበር፤ ለዚህም ሕመም እንዲሁ ነው። በጾም ወቅት መድኃኒቱን ወደ ማታ፣ ከምግብ በኋላ ማዛወር ብዙ ጊዜ ይቻላል፤ ሐኪሙ ይወስነው። ክሎርፕሮማዚን የሚወስድ ሰው በባዶ ሆድ ድንገት ሲነሳ ሊያዞረው ይችላል፤ ውሃ ያልጠጣ ሰው ላይ ይብሳል። በሰንሰለት ማሰር ግን የእግር ቁስል እንጂ ፈውስ አያመጣም።

የት ይኬዳል? መጀመሪያ ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ፤ የአእምሮ ሕክምና የሠለጠነ ነርስ ካለ እዚያው ይጀመራል፣ ካልሆነ ሪፈር ይጻፋል። አማኑኤልና ኤካ ኮተቤ ሆስፒታሎች የዚህ ሕክምና አላቸው። ሲሄዱ ምልክቱ መቼ እንደጀመረ፣ የወሰደውን መድኃኒት ስምና መጠን፣ ጫት ወይም መጠጥ መኖሩን ጽፎ መያዝ ይጠቅማል፤ ባዶ የክኒን ካርዱንም አትጣሉ።

ቤት ውስጥ «ድምፁ የለም፣ ውሸት ነው» ብሎ መከራከር ጥርጣሬውን ያጠነክራል፤ «ለእኔ አይሰማኝም፣ አንተን ግን እንደሚያስፈራህ አያለሁ» ማለት ይሻላል። ድምፁ ራሱን ወይም ሌላ ሰው እንዲጎዳ ያዘዘው እንደሆነ በቀጥታ ጠይቁት፤ ጥያቄው ሐሳቡን አያመጣበትም። «አዎ» ካለ ቢላዋ፣ ገመድና የተከማቸ ክኒን ከአጠገቡ አርቁ፣ ብቻውን አትተዉት፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁም በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።