«አገራችን አይደል?» ወደ ድሮው አገር ለእረፍት ስንሄድ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጉዞው ገና ሲታሰብ ከአፍ የሚወጣው «ምን መዘጋጀት ያስፈልጋል፣ አገራችን አይደል?» የሚል ነው። እኛ ቤትም እንዲሁ ነበር። ከ9 ዓመት በኋላ ሁለት ልጆች ይዘን ለሦስት ሳምንት ስንሄድ፣ ለማናውቀው አገር ከምናደርገው ዝግጅት ግማሹን እንኳ አላደረግንም። ትልቋ ልጃችን ስንወጣ 2 ዓመቷ ነበር፤ ትንሹ የተወለደው ውጭ ነው። አሁን ተመሳሳይ ጉዞ ያሰቡ ጓደኞቼ ሲጠይቁኝ መልሴ አንድ ነው፦ ገና እንደምትተዋወቁት አገር አድርጋችሁ ተዘጋጁ። ብዙ ጊዜ የምሰማቸውን ሐሳቦች አንድ በአንድ ላንሳ።

«ሁሉም ነገር እንደተውነው ይጠብቀናል»

አይጠብቅም። ይህን ሁላችንም በአፋችን እንናገራለን፤ ልባችን ግን እሺ አይልም። እኔ መንገዱና ሕንፃው እንደሚቀየር ጠብቄ ነበር። ያልጠበቅኩት እናቴን ነው። በየሳምንቱ በቪዲዮ እንደዋወላለን፤ ስለዚህ «እያየኋት ነው» ብዬ አስብ ነበር። ለካ 9 ዓመት ሙሉ ያየሁት ፊቷን ብቻ ነው። በደረስን ማግስት ደረጃ ስትወጣ መደገፊያውን በሁለት እጇ ይዛ፣ በየሁለት ደረጃው ቆም እያለች ነበር። ስልኩ ጉልበቷን አሳይቶኝ አያውቅም።

መከፋት ያለ ነው። «እንግዳ ሆንኩ፣ አገሬን ረሳሁ» ብሎ ራስን መውቀስ ግን ስህተት ነው። ጆንና ጂን ጉላሆርን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1963 እንደጻፉት፣ ውጭ የኖረ ሰው ወደ አገሩ ሲመለስም እንደ አዲስ የመላመድ ችግር ይገጥመዋል። ሲሄድ የተደናገጠው ሰው ሲመለስ ደግሞ ይደናገጣል። ልዩነቱ፣ ሲሄድ እንግዳ እንደሚሆን ያውቃል፤ ሲመለስ ግን አይጠብቀውም። እንዲያውም ናፍቆት ራሱ በአንድ ወቅት በሽታ ተብሎ ተመዝግቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1688 ዮሐንስ ሆፈር የተባለ የሕክምና ተማሪ በባዝል ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው ጽሑፍ ከአገር መራቅ የሚያመጣውን ሕመም «ኖስታልጂያ» ብሎ የሰየመው «ወደ ቤት መመለስ» እና «ሕመም» የሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት አጣምሮ ነው።

«ያደግኩበት ነው፣ ሰውነቴ ለምዶታል»

ከሁሉም አደገኛው ይሄ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ወባ ያለበት አካባቢ ያደገ ሰው ሰውነቱ መጠነኛ መከላከያ ያዳብራል፤ እውነት ነው። ግን መከላከያው ከፊል ነው፤ የሚቆየውም በሽታው ደጋግሞ ሲነካው ነው። ከአካባቢው ርቆ ሲኖር በጥቂት ዓመታት ውስጥ እየሳሳ ይሄዳል። ውጭ የተወለደ ልጅ ደግሞ ጭራሽ የለውም። ከጉዞ ወባ ይዘው ወደ አውሮፓ ከሚመለሱት ብዙዎቹ አገር ጎብኚ ቱሪስቶች ሳይሆኑ ዘመድ ሊጠይቁ የሄዱ ሰዎች ናቸው። ቱሪስቱ ሐኪም አማክሮ፣ መድኃኒት ይዞ ይሄዳል። እኛ «ድሮ ምን ሆንን?» ብለን እንሄዳለን።

ስለዚህ ከጉዞው ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቀደም ብላችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የወባ መከላከያ ክኒን እንደ ዓይነቱ ይለያያል፤ አንዳንዱ ከመሄድ አንድ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ አንዳንዱ 2 ሳምንት ቀደም ብሎ ይጀመራል። ከተመለሱ በኋላም አንዱ ለ1 ሳምንት፣ ሌላው ለ4 ሳምንት ይቀጥላል። ብዙ ሰው ቤቱ ሲገባ ያቆመዋል፤ አይቆምም። የታይፎይድ መርፌ ከ2 እስከ 3 ዓመት ነው የሚቆየው፤ «ልጅ እያለሁ ተከትቤያለሁ» አይሠራም። የቢጫ ወባ ክትባት ግን የተለየ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የምስክር ወረቀቱ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ የሚጸናው ግን ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ክትባቱ የተመዘገበበትን የድሮ ቢጫ ደብተራችሁን አትጣሉ።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከያዛችሁ፣ ወራት ቢያልፉም፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱና የት እንደነበራችሁ ተናገሩ። ካልነገራችሁት ጉንፋን ነው ብሎ ሊሸኛችሁ ይችላል።

«ሁለት ፓስፖርት ካለኝ ሁለት አገር ይጠብቀኛል»

ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 በሄግ የተፈረመው የዜግነት ስምምነት አንቀጽ 4 እንደሚለው፣ አንድ አገር ዜጋውን ያ ሰው ዜጋ ከሆነበት ከሌላው አገር ጋር ተከራክሮ ሊከላከልለት አይችልም። በቀላል አማርኛ፣ ችግር ቢገጥማችሁ የአዲሱ አገራችሁ ኤምባሲ «እዚህ የእነሱ ዜጋ ነህ» ሊላችሁ ይችላል። የብሔራዊ ውትድርና ግዴታ ያለበት አገር ከሆነ፣ ልጃችሁ እንደ ዜጋ ይቆጠር እንደሆነ አስቀድማችሁ አጣሩ።

ጥምር ዜግነት የማይፈቅዱ አገሮችም አሉ። ሌላ ዜግነት ስትይዙ የድሮው ይቋረጣል፤ አንዳንዶቹ በምትኩ የትውልድ መታወቂያ ይሰጣሉ። ህንድና ኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ካርድ አላቸው። ካርዱ ካላችሁ የሚያበቃበትን ቀን እዩ፤ ከሌላችሁ እንደማንኛውም እንግዳ ቪዛ ያስፈልጋችኋል።

የልጆችን ፓስፖርት ደግሞ ለብቻው ተመልከቱ። በብዙ አገሮች የልጅ ፓስፖርት የሚያገለግለው 5 ዓመት ብቻ ነው፤ ብዙ አገሮች ደግሞ ስትገቡ ቢያንስ 6 ወር የቀረው ፓስፖርት ይጠይቃሉ። ከወላጅ አንዱ ብቻ የሚሄድ ከሆነ፣ ወይም የእናትና የልጅ የቤተሰብ ስም የማይመሳሰል ከሆነ፣ የሌላኛው ወላጅ የስምምነት ደብዳቤና የልደት ምስክር ወረቀት ያዙ።

«ልጆቹ ሲያዩት ያስታውሱታል»

ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የመጀመሪያ ትዝታ ከ3 ዓመት ገደማ ወዲህ ያለውን ነው። ከዚያ በፊት ያለው አይገኝም፤ ልጁ ስላልፈለገ አይደለም። ትልቋ ልጃችን በመጀመሪያው ምሽት «እኔን አላስታወስሽኝም? እኔ እኮ ነኝ አዝዬ ያሳደግኩሽ!» ስትባል ቀሚሴን ይዛ ከኋላዬ ተደበቀች። ጥያቄው የፍቅር ነው። ለእሷ ግን ፈተና ነበር፤ የወደቀች መሰላት። በሁለተኛው ቀን ለዘመዶቻችን በጎን «አትጠይቋት፣ ንገሯት» አልናቸው። አክስቴ የድሮ ፎቶ አውጥታ «ይሄ ያንቺ ጫማ ነበር» አለቻት። ልጅቷ ከዚያ ሶፋ አልተነሳችም።

የቋንቋ ነገር ግን ተስፋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2014 ሞንትሪያል ላይ የተሠራ አንድ ጥናት፣ በሕፃንነታቸው ከቻይና በጉዲፈቻ መጥተው በፈረንሳይኛ ብቻ ያደጉ ልጃገረዶችን አእምሮ ተመልክቷል። ቻይንኛ አይናገሩም፤ አይሰሙምም። የቋንቋውን የድምፅ ቃና ሲያዳምጡ ግን አእምሯቸው የሠራው ልክ እንደ ቻይንኛ ተናጋሪ ነበር። ስለዚህ «ጠፍቶባታል፣ በቃ» አትበሉ። ከጉዞው በፊት ሁለት ሦስት ወር ቤት ውስጥ ቋንቋውን አዘውትራችሁ ተናገሩ። አነጋገራቸው ላይ ሳቅ እንዳይበዛም ቤተ ዘመዱን ቀድማችሁ ለምኑ፤ አንድ ቀን የተሳቀበት ልጅ ሳምንቱን ሙሉ ዝም ይላል።

«እረፍት ነው የምንሄደው»

ዘመድ ጥየቃ ነው የምትሄዱት። ሁለቱ ይለያያሉ። ሰውነት ከሰዓት ለውጥ ጋር የሚስማማው በግምት በቀን አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ወደ ምሥራቅ ሲበሩ ደግሞ ይብሳል። የ6 ሰዓት ልዩነት ካለ የመጀመሪያው ሳምንት በዚሁ አለቀ ማለት ነው። እኛ በዚያው ሳምንት 11 ቤት ሄድን። ልጆቹ እኩለ ሌሊት ላይ ነቅተው ይጫወታሉ፤ ቀን ሰው ቤት ሶፋ ላይ ይተኛሉ። ዘመድ ተቀየመ፣ እኛም ተነጫነጭን።

በሁለተኛው ሳምንት ባለቤቴ የጥየቃ ፕሮግራማችን ያለበትን ወረቀት አውጥቶ የሦስት ቀኑን ሰረዘ። ማንም ጋ አንሄድም፤ የፈለገን ይምጣ። በጉዞው ሁሉ ከዚህ የተሻለ ውሳኔ አላየሁም። ከነዚያ ቀናት በአንዱ ትንሹ ልጄ ከእናቴ ጋር ደረጃው ላይ ሲጫወት ዋለ። እሷ መደገፊያውን ይዛ ትወጣለች፤ እሱ ከኋላዋ እያንዳንዱን ደረጃ በእሷ ቋንቋ ይቆጥርላታል። 7 ላይ ሲደርስ ይጠፋበታል። እሷም ቆም ትላለች፣ ትነግረዋለች፣ ትንሽ ትተነፍሳለች፣ ከዚያ አብረው 8 ይላሉ።