«ፍል ውሃ ጀርም ይገድላል» ማለት ይብቃ

የሆቴል መዋኛና የሙቅ ውሃ ገንዳዎችን ስንከባከብ 11 ዓመት ሆነኝ። ከሥራ አስኪያጅም ከደንበኛም ይህችን ሳልሰማ ያለፈ ሳምንት የለም፦ «ውሃው ፍል ስለሆነ ክሎሪን አያስፈልገውም።»

ያስፈልገዋል! እንዲያውም ከቀዝቃዛው ይበልጥ ያስፈልገዋል። ሌጂዮኔላ የሚባለው፣ ከባድ የሳንባ ምች የሚያመጣው ባክቴሪያ፣ የሚሞተው ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው፤ በዚያ ሙቀት ደግሞ የሰው ገላ ይላጣል። ሰው የሚነከርበት ከ37 እስከ 40 ዲግሪ ያለው ውሃ ለእርሱ መራቢያው ነው። ከምንጩ ሲወጣ የሚያቃጥል ውሃም ገንዳ ውስጥ ገብቶ ለገላ እስኪስማማ ድረስ ይበርዳል።

እ.ኤ.አ. በ2002 በጃፓን፣ ሂዩጋ ከተማ፣ በአንድ የፍል ውሃ መታጠቢያ ሳቢያ 295 ሰዎች ታመው 7ቱ ሞተዋል። የፍል ውሃ ባህል ባለበት አገር! ሌጂዮኔላ የሚይዘው ደግሞ ከውሃው የሚነሳውን ርጭትና ጉም በመተንፈስ ነው፤ «አልጠጣሁትም» ማለት አያድንም።

አንድ ሆቴል እንግዶቹ ሽፍታ ወጣባቸው ብሎ ጠራኝ። «ሙቀቱን ጨምረንበታል» አሉኝ። ቴርሞሜትር ብነክርበት 38 ዲግሪ ነው። የመመርመሪያውን ክኒን ብጨምር ውሃው መቅላት ሲገባው ምንም ቀለም አላወጣም፤ ክሎሪን የሚባል የለበትም። የማጣሪያውን ቧንቧ ስንፈታ ውስጡ በሚያሙለጨልጭ ሽፋን ተለብጧል። ባክቴሪያ የሚሸሸገው እዚያ ነው። ሽፋኑ ተፍቆ ካልተነሳ ከላይ የሚጨመረው ክሎሪን ዘልቆ አይደርስበትም።

«ክሎሪኑ ስለበዛ ይሸታል» የሚሉም አሉ። አፍንጫ የሚቆጠቁጠው ክሎሪን ከላብና ከሽንት ጋር ተዋህዶ የሚፈጥረው ክሎራሚን ነው፤ ብዙ ጊዜ ምልክቱ የክሎሪን ማነስ ነው።

«ውሃው ጥርት ብሏል።» ባክቴሪያ በዓይን አይታይም።

«ጠዋት ጨምረናል።» ፀሐይና የተጠቃሚ ብዛት እስከ ቀትር ሊጨርሱት ይችላሉ።

ገንዳ የምትይዙ ሰዎች፣ በቀን ደጋግማችሁ ለኩ። በሊትር ለመዋኛ ቢያንስ 1፣ ለሙቅ ገንዳ ቢያንስ 3 ሚሊግራም ነፃ (ከላብና ከሽንት ጋር ያልተዋሃደ) ክሎሪን ይኑር። ፒኤቹ (የውሃው የአሲድነት ልኬት) ከ7 እስከ 7.8 ይሁን፤ ከ8 ካለፈ ክሎሪኑ እያለ አቅም ያጣል። ሙቁን ገንዳ በየጊዜው አፍስሳችሁ ፈግፍጉት።

ተጠቃሚዎችም በሳሙና ታጥባችሁ ግቡ። ከመግባታችሁ በፊት ግን የገንዳውን ግድግዳ ከውሃው መስመር በታች በጣታችሁ ዳስሱት። ካሙለጨለጨ ልብሳችሁን መልሳችሁ ልበሱ፤ በተለይ በዕድሜ የገፋችሁ፣ ሲጋራ የምታጨሱ ወይም የሳንባ ሕመም ያለባችሁ።